የቅመም ቅጠል ሽታው ሳይጠፋ ቤት ውስጥ እንዴት ይደርቃል

በአበባ ማስቀመጫም ይሁን በጓሮ ናና፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል ምናምን የተከለ ሰው ያውቀዋል፣ ቅጠሉ ሲመጣ አንዴ ግልብጥ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ተጠቅማችሁ አትጨርሱትም፣ ጎረቤት ሰጥታችሁም ይተርፋል፣ ከዛ አብቦ ያረጅና እዛው ተክሉ ላይ ደርቆ ይረግፋል። ስለዚ በጊዜው ቆርጦ ማድረቅ ነው። ማድረቅ ደግሞ ማሽን አይጠይቅም ወጪም የለውም፣ ግን ብዙ ግዜ የማየው የደረቀ ቅጠል ቡኒ ሆኖ፣ ሲያሸቱት ድርቆሽ ድርቆሽ የሚል፣ ምግብ ውስጥ ሲገባም ገባ አልገባ የማያስታውቅ ነው። ይሄ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ተክሉ የድርሻውን ሰርቶ ነበር፣ ሽታው የጠፋው ከተቆረጠ በኋላ ባሉት ቀናት ነው፣ ያ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በእኛ እጅ ያለ ነገር ነው።

መጀመሪያ ምን እየሆነ እንደሆነ ልንገራችሁ፣ እሱን ካወቃችሁ ሌላው ሁሉ ራሱ ይመጣል። ትኩስ ቅጠል አብዛኛው ክብደቱ ውሀ ነው፣ ከ75 እስከ 85 ፐርሰንት አካባቢ። ማድረቅ ማለት ያንን ወደ 10 ፐርሰንት ገደማ ማውረድ ነው፣ እዛ ሲደርስ ሻጋታ የሚይዝበት እርጥበት አያገኝም። ሽታው ግን ከውሀው አይደለም የሚመጣው፣ ከዘይት ነው። እነ ናና፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ኦሬጋኖ፣ ሴጅ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ ዘይታቸውን የሚያስቀምጡትም ቅጠሉ ገጽ ላይ ባሉ በጣም ጥቃቅን ከረጢቶች ነው፣ ቅጠሉን ነካ ስታደርጉት እጃችሁ የሚሸተው ከረጢቶቹ ፈንድተው ነው። ይሄ ዘይት ደግሞ በባህሪው ተናኝ ነው፣ ሙቀት ሲያገኘው ይሄዳል። እንግዲህ ጣጣው እዚ ላይ ነው፣ ውሀው ቶሎ መውጣት አለበት ዘይቱ ደግሞ መቅረት አለበት፣ ቸኩላችሁ በሙቀት ካስወጣችሁት ዘይቱም ተከትሎ ይወጣል፣ ዝም ብላችሁ በታፈነ ቦታ ካስቀመጣችሁት ደግሞ ይሻግታል። መሀል ላይ ያለው መፍትሄ አየር ነው፣ የሚንቀሳቀስ አየር። ቅጠል በነፋስ ይድረቅ፣ ሙቀት ካስፈለገም ለብ ያለ ብቻ ይሁን።

መቼ ይቆረጥ፣ ምን ያህል

ጠዋት ነው፣ ጤዛው ከቅጠሉ ላይ ከደረቀ በኋላ ጸሀዩ ግን ገና ሳይበረታ። ጤዛ እያለ ከቆረጣችሁ ትርፍ ውሀ ይዛችሁ ነው ቤት የምትገቡት፣ ቀትር ላይ ከሆነ ደግሞ ቅጠሉ ጠውልጎ፣ ሙቀቱም ከዘይቱ ትንሽ ወስዶ ነው የምታገኙት። ከእድሜው አንጻር ብዙዎቹ ሽታቸው ጫፍ የሚደርሰው እንቡጡ ታይቶ አበባው ገና ሳይፈነዳ ነው፣ ከዛ በኋላ ተክሉ ጉልበቱን ወደ አበባና ዘር ያዞራል፣ አዲስ ቅጠል ማውጣት ይቀንሳል ጣእሙም ይለወጣል፣ በሶብላ ላይ ለምሳሌ መረር ማለት ይጀምራል። ስለዚ እንቡጥ ካያችሁ ለሌላ ሳምንት አታቆዩት።

አንዴ ሲቆረጥ ከተክሉ አንድ ሶስተኛ አካባቢ ቢወሰድ ጥሩ ነው፣ ቀሪው ቅጠል ምግቡን እየሰራ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ናናና በሶብላ ላይ ቅጠል ከሚወጣበት አንጓ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ አዲሱ ቅርንጫፍ ከዛ አንጓ ነው የሚመጣው፣ እንዲያውም ሁለት ሆኖ ይመጣል። የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ፣ ቅጠል ወደሌለበት ወደ አሮጌው እንጨት ዝቅ ብላችሁ ከቆረጣችሁ ያ ቅርንጫፍ ብዙ ግዜ ተመልሶ አያቆጠቁጥም፣ ለስላሳው አረንጓዴ ክፍል ላይ ብቻ ቁረጡ።

እና አንድ ነገር፣ ጸረ ተባይ የተረጨበት ተክል ከሆነ እሽጉ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳያልፍ አትንኩት፣ ማድረቅ ኬሚካሉን አያጠፋውም፣ ውሀው ሲሄድ እሱ እዛው ነው የሚቀረው። ስሙን በርግጠኝነት የማታውቁትን ተክል ደግሞ ጨርሶ ለምግብና ለሻይ አታድርቁ፣ ከደረቀና ከተሰባበረ በኋላ ማንም ለይቶ ሊነግራችሁ አይችልም። ጤና አዳም የምትቆርጡ ካላችሁ ጓንት አድርጉ፣ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ነክቶ ጸሀይ ሲያገኘው ቆዳውን እንደ ቃጠሎ ያቆስላል፣ እርጉዝ ሴት ደግሞ ደርቆም ቢሆን መጠጣት የለባትም።

ማጠብና መለየት

ብዙ ሰው እዚ ላይ ነው ቸኩሎ የሚያልፈው፣ እኔ ግን ጊዜ ብትሰጡት እላለሁ። የሚመቸው መንገድ ከመቁረጣችሁ በፊት ባለው ቀን ተክሉን እዛው እንደቆመ በቀስታ በውሀ ማጠብ ነው፣ አቧራው ይሄዳል፣ በማግስቱ ጠዋት ደርቆ ታገኙታላችሁ፣ ንጹህና ደረቅ ቅጠል ትቆርጣላችሁ። እሱ ካልተመቸ ወይ ደግሞ አፈር የተረጨበት ከሆነ ከቆረጣችሁ በኋላ በቀዝቃዛ ውሀ እጠቡት፣ በሙቅ ውሀ በፍጹም፣ ሳትዘፈዝፉ ነከር አድርጋችሁ አውጡት፣ አራግፉት፣ ከዛ ንጹህ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ከላይ በሌላ ፎጣ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ውሀውን አንሱለት። ማሸት የለም፣ ቅጠሉ ከተሸ እነዛ ከረጢቶች እዛው ይፈነዳሉ፣ የተጎዳውም ቦታ ይጠቁራል። ላዩ ላይ ውሀ ያለበትን ቅጠል አስራችሁ ከሰቀላችሁ መሀሉ እንደሚሻግት እወቁት።

እግረ መንገዳችሁን ቢጫ የሆነውን፣ ነፍሳት የበሉትን፣ ጥቁር ነጥብ ያለበትን ለዩት፣ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩ ብዙ ግዜ እንቁላልና ትንንሽ ተባይ የሚደበቀው እዛ ነው።

ከዛ ደግሞ አይነቱን ለዩ፣ ምክንያቱም ሁሉም አንድ አይነት አደራረቅ አይፈልግም። ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ኦሬጋኖ፣ ሴጅ ውሀቸው ትንሽ ቅጠላቸው ጠንካራ ነው፣ እነዚ ጀማሪ ሰው የሚጀምርባቸው ናቸው፣ በየትኛውም መንገድ ይደርቃሉ፣ ሽታቸውም ደርቀው ጥሩ ሆኖ ይቆያል። ናናና በሶብላ ደግሞ ቅጠላቸው ለስላሳ ውሀቸው ብዙ ነው፣ ከዘገዩ ይጠቁራሉ ወይ ይሻግታሉ፣ ቶሎ መድረቅ አለባቸው። ሶስተኛዎቹ የማይመከሩት ናቸው፣ ትኩስ የድንብላል ቅጠልን ብታደርቁት ያ የምታውቁት ሽታ አብሮት አይቆይም፣ አረንጓዴ ወረቀት ነው የሚቀራችሁ። ፓርስሊም ብዙ ይቀንሳል፣ ቢሆንም ፓርስሊ እንደምንም ይሆናል። የድንብላል ቅጠሉን ከትፋችሁ በበረዶ መስሪያው ትንሽ ውሀ ወይ ዘይት ጨምራችሁ ፍሪዘር ውስጥ አድርጉት፣ ከማድረቅ በጣም ይሻላል። በሶብላንም ፍሪዘር ብታደርጉት ሽታው ከደረቀው ይልቅ ለትኩሱ ይቀርባል፣ ለሻይና ለቅመም ግን ደረቁም ደህና ነው።

መስቀል

ለእነ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ከዚ የተሻለ ዘዴ አለ ብዬ አላምንም። ከ5 እስከ 8 ቅርንጫፍ ብቻ ያለው ትንሽ እቅፍ ስሩ፣ ትልቅ እቅፍ ያምራል ግን መሀሉ አየር አያገኝም። ከታች በኩል ሶስት አራት ጣት ያህል ቅጠሉን አራግፉለት፣ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ቅጠል ከታፈነ ሻጋታው የሚጀምረው ከዛ ነው። ማሰሪያው ላስቲክ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም ግንዱ ሲደርቅ ይቀጥናል፣ በክር ካሰራችሁት ይላላና አንድ ቀን ጠዋት ቅርንጫፎቹን መሬት ላይ ታገኟቸዋላችሁ፣ ላስቲክ ግን አብሮ ይሰበሰባል። ከዛ ቁልቁል ነው የሚሰቀለው፣ ግንዱ ወደ ላይ ቅጠሉ ወደ ታች።

የት ይሰቀል ለሚለው፣ ጸሀይ በቀጥታ የማይገባበት፣ አየር የሚመላለስበት፣ ሞቅ ያለና ደረቅ ቦታ። ኩሽና ውስጥ ምድጃ በላይ መስቀል ፎቶ ላይ ሲታይ ደስ ይላል ግን ከሁሉም የከፋው ቦታ ነው፣ እንፋሎቱም ቅባቱም ጭሱም ቅጠሉ ላይ ነው የሚያርፈው። ሻወር ያለበት አካባቢም እንደዛው። መኝታ ቤት ጥግ፣ ኮሪደር፣ እቃ ቤት ይሻላል። ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ይበል፣ እቅፎቹም እርስ በእርስ አይነካኩ። ናናን ከጦስኝ ጎን አትስቀሉ፣ የናና ሽታ ሁሉንም ይወርሳል።

አቧራ ካሰጋችሁ ወረቀት ከረጢት ወስዳችሁ ጎኑን በብዙ ቦታ ብሱት፣ እቅፉን ውስጡ አድርጋችሁ አፉን ከግንዱ ጋር እሰሩት፣ ብርሀንም ይከላከላል፣ የሚረግፈውም ቅጠል እዛው ይጠራቀማል። ፌስታል ግን አይሆንም፣ እርጥበቱን መልሶ ቅጠሉ ላይ ነው የሚያዘንበው።

ስንት ቀን ይፈጃል ካላችሁ እንደ አየሩና እንደ ቅጠሉ ነው፣ ደረቅና ሞቃት ቤት ውስጥ ጦስኝ በ1 ሳምንት ውስጥ ሊደርስ ይችላል፣ ወፍራም ግንድ ያለው ወይ እርጥበት ያለበት ቤት ከሆነ 2 ከዛም እስከ 3 ሳምንት። የዝናብ ወቅት ላይ የቤቱ አየር ራሱ ውሀ ተሸክሞ ስለሚውል ቅጠሉ የሚለቅበት ቦታ ያጣል፣ በዛን ግዜ ቬንትሌተር ከሩቅ በቀስታ ክፈቱለት። በቀጥታ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን የክፍሉ አየር እንዲንቀሳቀስ ብቻ። በ3 ሳምንት ውስጥ አሁንም ለስለስ ካለባችሁ መጠበቁን ትታችሁ ከታች ወደምነግራችሁ ወደ ሌላ ዘዴ አዙሩት፣ የዘገየ ቅጠል ሽታውን በየቀኑ እያጣ ነው።

መዘርጋት

ናናና በሶብላ ላይ እኔ ከመስቀል ይልቅ መዘርጋትን ነው የምመርጠው። ቅጠሉን ከግንዱ ላይ አንድ በአንድ ልቀሙት፣ ግንዱ ብዙ ውሀ ስለያዘ እሱን እስኪደርቅ መጠበቅ ቅጠሉን ይጎዳዋል። ከዛ ወንፊት፣ የሽቦ መደርደሪያ ላይ የተነጠፈ ስስ ጨርቅ፣ ወይ በፍሬም ላይ የተወጠረ መረብ፣ የተገኘው ይሁን ዋናው ነገር ከስርም አየር እንዲገባው ነው። ዝም ብሎ ትሪ ላይ ከሆነ ከታች ያለው ወገን ይታፈናል፣ ትሪ ብቻ ካላችሁ ወረቀት አንጥፉበትና በቀን ሁለቴ ገልብጡት፣ ወረቀቱም ሲረጥብ ቀይሩት። አንድ ድርድር ብቻ ይሁን፣ ቅጠል በቅጠል ላይ አይደራረብ። በሶብላ ትንሽ ከጠቆረ አትደንግጡ፣ እሱ በባህሪው ሲጎዳና ሲዘገይ ይጠቁራል፣ ሽታው ካለ ይበላል፣ ግን ቀስ ብላችሁ ከለቀማችሁትና ቶሎ ከደረቀ አረንጓዴነቱን አብዛኛውን ይዞ ይቀራል።

ጠጅ ሳር ደግሞ ረጅሙን እንዳለ ከምታደርቁት በመቀስ ጣት በማይሞላ ርዝመት ቆርጣችሁ ዘርጉት፣ ከደረቀ በኋላ ለመቁረጥ ይቸግራል፣ ጠርዙም ስለታም ስለሆነ እጅ ይቆርጣል።

ጸሀይ ላይስ? የሚጠየቀው ሁሌ ይሄ ነው። ለእህልና ለበርበሬ ጸሀይ ጥሩ ነው፣ ለቅጠል ግን አይሆንም። አረንጓዴውን ቀለም የሚያጠፋው ብርሀኑ ነው፣ ሙቀቱ ደግሞ ዘይቱን ይወስዳል፣ ቶሎ ደረቀልኝ ትላላችሁ፣ እውነትም ይደርቃል፣ ግን ስታሸቱት የለም። ጥላ ስር ውጪ ላይ ነፋስ ባለበት ይሁን ካላችሁ ይሆናል፣ በመረብ ሸፍናችሁ፣ ማታ ማታ ወደ ቤት እያስገባችሁ፣ አለበለዚያ ቀን ያደረቃችሁትን ሌሊት ጤዛ መልሶ ያርሰዋል።

ማሽን፣ ኦቨንና ማይክሮዌቭ

የምግብ ማድረቂያ ማሽን፣ ዲሃይድሬተር የሚሉት፣ ያለው ሰው እድለኛ ነው፣ ምክንያቱም ቅጠል የሚፈልገውን ነገር በትክክል የሚሰጠው እሱ ነው፣ ለብ ያለ አየር በፋን። ከ35 እስከ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሀል አድርጉት፣ አየሩ በጣም እርጥብ ከሆነ እስከ 52 ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ከዛ በላይ ግን ለስጋና ለፍራፍሬ የተሰራ ሙቀት ነው። ከ1 እስከ 4 ሰአት ውስጥ ብዙው ይደርሳል፣ ለናናና ለበሶብላ ከምንም በላይ የምመክረው እሱን ነው። ቅጠል ቀላል ስለሆነ ሲደርቅ ፋኑ እያነሳ ይበትነዋል፣ ከላይ መረብ ጣል አድርጉበት። ከ1 ሰአት በኋላ እየከፈታችሁ እዩ፣ የደረሰውን አውጡ ያልደረሰውን ተዉት።

ኦቨን ያለው ችግር ዝቅተኛው ሙቀት ራሱ ለቅጠል ይበዛል፣ ብዙዎቹ ከ50 ወይ ከ70 በታች አይወርዱም፣ ቁጥሩ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ሙቀትም ሁሌ አንድ አይደለም፣ ቴርሞሜትር ካላችሁ አስገብታችሁ እዩት። ሌላ አማራጭ ከሌለ በመጨረሻው ዝቅተኛ አድርጋችሁ፣ በሩን በእንጨት ማንኪያ ገርበብ አድርጋችሁ እርጥበቱ የሚወጣበት ቦታ ስጡት፣ የጋዝ ኦቨን ከሆነ ግን በሩን ከፍቶ ማብሰል የማይፈቅዱ አሉና መመሪያውን አንብቡ። ከአጠገቡ አትራቁ፣ በየ15 ደቂቃው እያገላበጣችሁ። ኤሌክትሪክ ኦቨን ያላችሁ ደግሞ ሳትለኩሱት መብራቱን ብቻ አብርታችሁ ሌሊቱን ብታሳድሩት የመብራቱ ሙቀት ለብዙ ቅጠል ይበቃዋል፣ ይሄኛው ከእሳቱ ይልቅ ደስ የሚለኝ ነው።

ማይክሮዌቭ ለትንሽ ነገር፣ ለአንድ እፍኝ ያህል ይሆናል፣ ታጥቦ ላዩ በደንብ የደረቀ ቅጠል በሁለት የኩሽና ወረቀት መሀል ዘርግታችሁ 1 ደቂቃ፣ ከዛ እያያችሁ በየ20 እና 30 ሰከንዱ። ቅጠሉ ውሀው ሲያልቅበት ሊቃጠል ይችላል፣ ብልጭታ ወይ ጭስ ካያችሁ ወዲያው አጥፉት፣ ጥላችሁትም እንዳትሄዱ። የጥብስ ቅጠል ላይ በተለይ ዘይቱ ብዙ ስለሆነ በማይክሮዌቭ አልመክርም፣ ሲሰቀል እንደዛ በቀላሉ እየደረቀ ምን አስቸኮለን።

ፍሪጅም ያደርቃል፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። በረዶ የማይጋግር አይነት ዘመናዊ ፍሪጅ፣ ኖ ፍሮስት የሚሉት፣ ውስጡ ደረቅ አየር ነው፣ ፓርስሊን ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ሳትሸፍኑ ከላይኛው መደርደሪያ ብታስቀምጡት በቀናት ውስጥ ቀለሙን ይዞ ይደርቃል። ሽታ ያለው ነገር አብሮት ካለ ግን ይጠጣዋል። በሶብላን በዚ መንገድ አትሞክሩ፣ ቅዝቃዜ ያጠቁረዋል።

አበባና ዘር

ካሞሚል ያለው ሰው አበባዎቹ ተከፍተው ነጩ ቅጠል ወደ ጎን ሲዘረጋ ነው የሚለቅመው፣ ወደ ታች መታጠፍ ከጀመረ አልፎበታል። ራስ ራሱን ለቅማችሁ እንደ በሶብላው መረብ ላይ ዘርጉት፣ መሀሉ ያለው ቢጫ እብጠት ውሀ ስለሚይዝ ከላይ ሲታይ የደረቀ መስሎ ውስጡ ላይሆን ይችላል፣ አንዷን በጣታችሁ ሰብራችሁ ሞክሩ።

የድንብላልና የእንስላል ዘር ሌላ ነው፣ እዚ ጋ ተክሉ እስኪያረጅ ትጠብቃላችሁ። ዘሩ ከአረንጓዴ ወደ ቡኒ ሲዞር፣ ግን ገና መርገፍ ሳይጀምር፣ ከነራሱ ቁረጡና ያልተበሳ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ቁልቁል ስቀሉት፣ ሲደርቅ ራሱ እየረገፈ ከረጢቱ ስር ይጠራቀምላችኋል። ከዛ እፍ እያላችሁ ገለባውን አበጥሩት። ተባይ ሊኖርበት ስለሚችል ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ በታሸገ እቃ ፍሪዘር ውስጥ 48 ሰአት አስቀምጡት፣ ስታወጡት እቃው ሳይከፈት ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለስ፣ ቶሎ ከከፈታችሁት ላብ ያልበዋል።

ደርቋል የሚባለው መቼ ነው

ቅጠሉን በጣታችሁ ስታሹት ድቅቅ ማለት አለበት፣ ከታጠፈ አልደረሰም። ግንዱ ጧ ብሎ መሰበር አለበት፣ ከተቀለበሰ ውስጡ ውሀ አለ ማለት ነው። ግን በዚ ብቻ አትተማመኑ። የሚያስተማምነው ይሄ ነው፣ ቅጠሉን ንጹህና ደረቅ የብርጭቆ ጃር ውስጥ ከተቱ፣ ክደኑት፣ ለጥቂት ቀን በየቀኑ እዩት። ብርጭቆው ውስጠኛው ገጽ ላይ ጤዛ መሰል ነገር ካያችሁ ወይ ቅጠሉ ተመልሶ ከለሰለሰ አልደረቀም፣ ወዲያው አውጡና እንደገና ዘርጉት። በሳምንት ውስጥ ምንም ካልታየ ጨርሳችኋል። ይሄንን ሙከራ ዝለሉት የሚል ካለ አትስሙት፣ ስንት ሳምንት የደከማችሁበትን ቅጠል የሚያሻግተው ይቺ የተዘለለች ነገር ናት። ሻጋታ ከታየ ደግሞ የታየውን ብቻ ለቅሞ ቀሪውን መጠቀም የለም፣ ጃሩ ውስጥ ያለው በሙሉ ይጣላል።

አቀማመጥ

የደረቀውን ቅጠል በተቻለ መጠን ሙሉውን እንዳለ አስቀምጡት፣ አታድቁት። የጥብስ ቅጠልና ጦስኝን ግንዱን በአንድ እጅ ይዛችሁ በሌላው ከላይ ወደ ታች ስትስቡት ቅጠሉ ይረግፋል፣ እሱ ይበቃል። የተፈጨ ቅመም ሽታው ቶሎ የሚሄደው ከረጢቶቹ ሁሉ ስለተከፈቱ ነው፣ እናንተ ግን እጃችሁ ላይ ስታደቁት ያን ሰአት ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ሽታው ቀጥታ ወደ ምግቡ ይገባል።

እቃው ብርጭቆ ቢሆን፣ ክዳኑ የሚገጥም ቢሆን። ጨለማ ቦታ ውስጥ ይቀመጥ፣ ብርሀን ያለበት መደርደሪያ ላይ ከሆነ ባለቀለም ጠርሙስ ወይ በወረቀት የተጠቀለለ። ምድጃ አጠገብ ያለው ቁም ሳጥን ለእጅ ስለሚቀርብ ሁላችንም እዛ ነው የምናስቀምጠው፣ ግን ሙቀቱ ጠላቱ ነው፣ ራቅ ያለ ቦታ ፈልጉለት። ስሙንና ቀኑን ጻፉበት፣ ደርቀው ሲሰባበሩ ኦሬጋኖና ጦስኝ በአይን አይለዩም። በደንብ የደረቀና በደንብ የተቀመጠ ቅጠል ከ6 ወር እስከ 1 አመት ጥሩ ሽታ ይዞ ይቆያል፣ ከዛ በኋላ አይመርዛችሁም፣ ሀይሉ ይቀንሳል እንጂ።

ስትጠቀሙም ጃሩን ይዛችሁ በሚንተከተክ ድስት ላይ አትነስንሱ፣ እንፋሎቱ ወደ ጃሩ ይገባና ቀሪውን ያረጥበዋል፣ በደረቅ ማንኪያ ወይ በእጃችሁ መዳፍ አውጥታችሁ ጨምሩ። መጠኑ ትኩስ ቅጠል 1 የሾርባ ማንኪያ በሚገባበት ቦታ ደረቁ 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል፣ ሶስት እጥፍ ያህል ነው ልዩነቱ፣ ውሀው ስለወጣ። ደረቁ ውሀ እየጠጣ ነው ጣእሙን የሚለቀው፣ ስለዚ እንደ ትኩሱ ምግቡ ሊወርድ ሲል ሳይሆን ቀደም አድርጋችሁ አስገቡት። ለሻይ ከሆነ የፈላውን ውሀ ካፈሰሳችሁበት በኋላ ክደኑት፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ክፍት ከተዋችሁት ያን ሁሉ ቀን ስትጠብቁት የቆያችሁት ዘይት በእንፋሎቱ ይሄዳል።

አዲስ ቅጠል ሲደርስ አሮጌው ላይ አትጨምሩት። የአሮጌውን ትንሽ ቆንጥራችሁ መዳፋችሁ ላይ አሹት፣ ሽታው ወዲያው ከመጣ ለይታችሁ በሌላ እቃ ተጠቀሙበት፣ ካልመጣ ተክሎቻችሁ ስር አፈሩ ላይ በትኑት። ጃሩን በሙቅ ውሀና በሳሙና እጠቡት፣ ክዳኑን ለብቻው ከፍታችሁ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር፣ የክዳኑ ጥርስ ውስጥ የምትቀረው ውሀ ናት ብዙ ግዜ አዲሱን የምታበላሸው።